የሚስ ሩቢ አባት ጊታር

አትላንታ፣ ግንቦት ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ዘገዬ ጥሩሰው፣ ጎንደር

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ከጥምቀት ወዲህ ደብዳቤዎ አልመጣም፤ ፖስታው ዘግይቶ ይሆናል።

አሁን ሊቶኒያ በሚባል ሰፈር ሚስ ሩቢ የምትባል አሮጊት እጦራለሁ። አባቷ በዚህ ከተማ ጎዳና ላይ ጊታር እየመታ ብሉዝ የሚዘፍን ዓይነ ስውር ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች የሰይጣን ዘፈን ይሉት ስለነበር፣ ልጅ ሳለች ፊቷን አዙራ ታልፈው ነበር። እሱም ኮቴዋን እየለየ፣ እንዳታፍር ብሎ አይጠራትም ነበር። ዛሬ ስለ እሱ ሊጠይቋት ሰዎች ቴፕ ይዘው ከሩቅ አገር ይመጣሉ።

«አፀደ፣ ከናንተ ቤትስ የሚጫወት አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ታዲያ አባቴ ሲነሳ አንቺ ምን ያስለቅስሻል?» ብላ ሳቀችብኝ።

በሠርጌ ቀን አማቴ «ያ ማሲንቆ መቺ ማነው?» ሲሉኝ «ተቀጥሮ የመጣ አዝማሪ ነው» ስል እርስዎ ሰምተውኛል። እንደ ባዳ አወድሰውኝ፣ በዳሱ ጥግ ከአዝማሪዎቹ ጋር በልተው ሄዱ።

ለማሲንቆዎ የሚሆን የፈረስ ጭራ ልኬያለሁ። መድረሱን በሰው እጅም ቢሆን ያስጽፉልኝ።

እስከ ዛሬ ፖስታው ላይ ከስሜ ቀጥሎ የሟቹን ባለቤቴን ስም እጽፍ ነበር። አሁን የአባታችንን ጽፌያለሁ፤ ፖስተኛው ጮክ ብሎ ያንብበው።

እመቤቴ ጣቶችዎን ትጠብቅልኝ።

እህትዎ አፀደ ጥሩሰው