በዝርዝሩና በልጆቹ መሀል

ውድ እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ስልክሽ ነው የሚያነብልሽ። ሰው አጠገብሽ ሳይኖር ስሚው። ሲጨርስም «ምንም አይደለም» ልትዪኝ ቶሎ ብለሽ እንዳትደውዪ።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ውስጥ ክው ብዬ ቀረሁ። ይኸው እስካሁን አንዱን ፊደል ሦስቴ እየነካሁ ነው የምጽፍልሽ።

ለዓይን ክሊኒኩ የሠራሁትን የኢንተርኔት የቀጠሮ ገጽ ታውቂዋለሽ፤ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሽለትን። ከአራት ወር በፊት ላሳምረው ብዬ በዝርዝሩና በቀጠሮዎቹ መሀል አንዲት ማቀፊያ ሳጥን አስገባሁ። በእኛ ሥራ ዝርዝሩን «ወላጅ»፣ በውስጡ ያሉትን «ልጆች» እንላቸዋለን። የሚያይ ሰው የትኛው ልጅ የማን እንደሆነ ዓይኑ ይነግረዋል። በድምፅ የሚያነበው ስልክ ግን ዝምድናውን የሚያውቀው ገጹ ከተጻፈበት ኮድ ብቻ ነው።

ቢሯችን ውስጥ ገጾችን የሚፈትሽ ዓይነ ስውር ባልደረባ አለ። አንዴ የሰማውን ስለማይረሳ «ቴፑ» እንለዋለን። ሳጥኗን ባስገባሁ በሳምንቱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

«ስሚ፣ ይቺ ሳጥንሽ ወላጅና ልጅ አቆራርጣለች።»

«ገጾች ለዓይነ ስውራን እንዲነበቡ የወጣው መስፈርት መሀል ላይ ሳጥን መግባት ይችላል ይላል» አልኩት።

«ተራ ሳጥን ከሆነች ነዋ! ያንቺዋን እኮ ለስልኩ ራሷን የቻለች ክፍል ነኝ የሚል ሚና ሰጥተሻታል።»

«እንደዚያ ብሎ የጻፈ የታለ? እስቲ አሳየኝ።»

ሊያሳየኝ አልቻለም። ያኔ የመስፈርቱ አረፍተ ነገር ለእኔም ለእሱም እንደፈለግን የሚተረጎም ነበር። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ አንዴ ሙጭጭ ካልኩ አልለቅም። ስብሰባ ላይ አፌን ሞልቼ ተከራከርኩና ረታሁት። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ዛሬ የመስፈርቱ ማብራሪያ ወጣ። ሚና የሌላት ሳጥን መሀል ብትገባ ዝምድናው አይቋረጥም፤ ሚና ያላት ግን ትቆርጠዋለች ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቴፑ አልፎከረብኝም። የጆሮ ማዳመጫውን ነቀለና ገጼን ከፍቶ ድምፁን ለቀቀው።

«የቀጠሮ ዝርዝር። ባዶ።»

ስክሪኑ ላይ ለሙከራ ያስገባናቸው ሦስት ቀጠሮዎች ተደርድረው አያለሁ። ድገመው አልኩት፤ ደገመው። ባዶ።

እትዬ፣ ያን ጊዜ ጆሮዬ ላይ የመጣው ያንቺ ድምፅ ነው። ከሁለት ወር በፊት ደውለሽ፣ «ሚጢጢዬ፣ የዓይኔ ቀጠሮ ባዶ ነው ይላል» አልሽኝ። «ባዶ ካለማ ባዶ ነዋ፤ ሲሰጡሽ ይነግርሻል» አልኩሽ። ምሳ እየበላሁ ነበር፤ ሹካዬን እንኳ አላስቀመጥኩም። ቴፑ እግር ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እንደምንም ክሊኒኩ ደወልኩ። እንግዳ ተቀባይዋ መዝገብሽን አየች።

«ሁለት ቀጠሮ አልፏቸዋል። የዓይናቸው ግፊት በየሁለት ወሩ ካልተለካ የቀረው እይታቸውም ያሰጋል ተብሎ ተጽፏል።»

«ታዲያ ለምን አልደወላችሁም?»

«የመጀመሪያው ሲያልፍ ደውያለሁ እንጂ! ገጹ አስቸግሮዎት ከሆነ አቤቱታ ላስመዝግብልዎት አልኳቸው።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ኧረ ገጹ ምንም አይልም፣ እህቴ ናት የሠራችው፤ እኔው ነኝ የረሳሁት አሉኝ።»

ቀኑን ቆጠርኩት፤ እንግዳ ተቀባይዋ ከደወለችልሽ ሦስት ወር ሆኖታል። እኔ ጋ ስትደውዪ እንግዲህ ባዶ እንዳልሆነ ታውቂ ነበር። ስህተቴን ራሴ እንዳገኘው በር ከፍተሽልኝ ነበር፤ እኔ ዘጋሁት። አንቺም ዝም አልሽ! ዓይንሽ እየሄደ ዝም አልሽ! እናታችን ካለፈች ጀምሮ የሰበርኩትን ብርጭቆ ሁሉ «እኔ ነኝ የሰበርኩት» ስትዪ ኖረሻል። ያ ግን ብርጭቆ ነበር፣ እትዬ። እንዴት በዓይንሽ ትሸፍኚኛለሽ? ላልቅስ ይሁን ልቆጣሽ አላውቅም። ሁለቱንም እያደረግሁ ነው።

ሐኪሙን አስጠርቼ አናገርኩት። «የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን ቶሎ ከደረሱ እንይዘዋለን» አለኝ። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይጠብቅሻል። ረቡዕ ማታ እመጣለሁ፣ አብረን እንሄዳለን፤ አልቸኩልም፣ ሥራ አለኝ አልልም። ሳጥኗን ሚናዋን ገፍፌያታለሁ። ቴፑ አምስት ጊዜ ፈተሸው፣ አሁን ሁሉንም በትክክል ይቆጥራል። ይቅርታ ስለው፣ «እኔን ተዪኝ፤ ለእህትሽ ጻፊ» ብሎ ወደ ሥራው ዞረ።

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ አድርጌያለሁ። አቤቱታውን አስመዝግቤዋለሁ። አመልካች በሚለው ቦታ ያንቺን ስም፣ ጥፋቱን የፈጸመው በሚለው ቦታ የእኔን ጻፍኩ። ነገ ከክሊኒኩ ደውለው እውነት እንደሆነ ይጠይቁሻል።

እባክሽ እትዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ «አዎ፣ እህቴ ናት» በያቸው።

ታናሽሽ