የቅርንፉዱ እንሽላሊት ስም

ኑሲ ቡራሃ ደሴት፣ እሑድ ከሰዓት

ውድ ልጄ ዛፊሱአ፣

ስለ ጤናህ የምጠይቅህ ከተቆጣሁህ በኋላ ነው። በከተማ ስለ እንስሳት የምታስተምረው አንተ ነህ፤ ፎቶውን የላክንልህም ለዚሁ ነው። አንተ ግን «ተራ የግድግዳ እንሽላሊት ናት፣ አትጨነቁ» ብለህ ገላገልከን። ልጄ፣ የግድግዳ እንሽላሊት ጅራቷ እንደ ቅጠል ይሰፋል? አገጯ ሥር እንደ ዳንቴል የተዘረዘረ ቆዳ አላት? እኔ መነጽሬን አድርጌ አይቻታለሁ። የቅርንፉዳችን ግንድ ላይ ቁልቁል ተለጥፋ ከቅርፊቱ አትለይም፤ ዓይኗን የምትጠርገው በምላሷ ነው። ታሃፊሳካ ናት፤ መንደሩ ሰው ደረት ላይ ተለጥፋ ትቀራለች እያለ የሚፈራት።

ፎቶው ደብዛዛ መሆኑን አላጣሁትም። ያነሳው ጎረቤታችን ቬላጻራ ነው። ዘላ ደረቱ ላይ እንዳትለጠፍበት በአንድ እጁ ሰፌድ ደረቱ ላይ ደግፎ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው ያነሳት። «አንዴ ከተለጠፈች በምላጭ ካልሆነ አትለቅም» ይላል እስካሁን። ፎቶው ደብዛዛ ቢሆንስ? ካልታየህ «አልታየኝም» አይባልም? እኔን ባሳደጉኝ መነኮሳይያት ዘንድ ያላዩትን አየሁ ማለት በልምጭ ያስገርፍ ነበር።

ታሃፊሳካ ከሆነች መንደርተኞቹ ቅርንፉዱን ቆርጠው ከእሷ ጋር ሊያቃጥሉት ነው። አባትህ የተከለውን ቅርንፉድ! ዛሬ ከቅዳሴ ስመለስ ቬላጻራ መጥረቢያውን ይዞ ዛፉ ሥር ጠበቀኝ።

«እማማ፣ ልጅዎ ተራ ናት ብሏል። እርስዎስ? እርስዎ ያሉትን እናምናለን።»

ምን ውስጥ እንደከተትከኝ አየህ? ዝም ብል ዛፉ ይተርፋል። ግን ይህን ሰውዬ ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት ልዋሸው?

«ልጄ ተሳስቷል። ታሃፊሳካ ናት» አልኩት።

መጥረቢያው ተነሳ።

«ቆይ! ስሟን ታውቃለህ፣ ጠባይዋን ግን አታውቅም» አልኩና መጎናጸፊያዬን ገለጥ አድርጌ ደረቴን ወደ ግንዱ አስጠጋሁ።

«ኧረ እማማ፣ በስተርጅና! ሱአሪ፣ ምላጭ አምጪ!» ብሎ ሚስቱን ተጣራ።

«ምላጩን ለጺምህ አድርገው!»

በጣቴ ነካ አደረግኋት። ዘለለችና ደረቴ ላይ አረፈች። ቀዝቃዛ ናት፤ ክብደትም የላትም። ሱአሪ ጮኸች። እኔም ብሆን መተንፈስ አቁሜ ነበር። ከዚያ ትከሻዬን ተሻግራ ወደ ግንዷ ተመለሰች።

ቬላጻራ መጥረቢያውን አወረደ። አሸነፍኩ ስል ምን አለ መሰለህ?

«ለካ ልጅዎ ልክ ነው! ታሃፊሳካ ብትሆን መች ትለቅዎት ነበር? ዓይንዎ ደክሟል እማማ።»

«የተማረ ሰው በፎቶም ያውቃል» አለች ሱአሪ፣ እየሳቀች።

ዛፉ ቆሟል፤ ተመስገን። ግን አንተ ሊቅ፣ እኔ ዓይነ ደካማ ሆነን ቀረን። ነገ በሌላ ሰው ዛፍ ላይ እህቷን ሲያዩ ያው መጥረቢያ ይነሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጀልባ ና። መንደሩ ፊት «ተሳስቻለሁ፣ ታሃፊሳካ ናት» በል። ቬላጻራ መጥረቢያውን ሲያነሳ ደግሞ ሸሚዝህን አውልቀህ ግንዱ ሥር ቁም። በዚህኛው ጊዜ የምትዘለው አንተ ላይ ትሁን። ስሟን ከተማረው አፍ ሰምተው ስትለቅህ ሲያዩ ያኔ ያምናሉ።

ሳልጠይቅህ እንዳልቀር፣ ሳልህ ተሻለህ?

ተቆጥታም የምትወድህ እናትህ
ዤርሜን