የወይዘሮ ሮማነወርቅ ደግፌ የሕይወት ታሪክ፣ ከጃፓኑ ብረት ጋር

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ደግፌ ከአባታቸው ከአቶ ደግፌ ተሻለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈትለወርቅ ወሰኑ በጥቅምት ወር ፲፱፻፳፯ ዓ.ም. በጅባትና ሜጫ አውራጃ ጉደር ላይ ተወለዱ። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ እንደነበር ራሳቸው ይናገሩ ነበር፤ ሌላ ምስክር አልተገኘም።

በጥር ወር ፲፱፻፵፮ ዓ.ም. ከኮርያ ዘማቹ ከአሥር አለቃ ባይሳ ሌታ ጋር በተክሊል ተጋብተው ኑሯቸውን አምቦ አደረጉ። አሥር አለቃ ለዕረፍት ጃፓን በሄዱ ጊዜ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዙት፣ በሰይፍ እጀታና በስለቱ መካከል የሚገባ ክብ ብረት ነበራቸው። በጥቁሩ ብረት ላይ ሁለት ሽመላዎች በወርቅ ተቀርጸው ገብተውበታል። የሚወደደው ዘመን ያመጣው ጥቁረቱ ነው፤ ይህን ግን አሥር አለቃ ለሙሽራቸው አልነገሩም።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ቆሻሻ አይወዱም። በተጋቡ በወራቸው ብረቱን በአመድና በሎሚ ፈትገው አዲስ ማንኪያ አስመስለው ጠበቋቸው። የአንደኛው ሽመላ እግርም አብሮ ታጥቦ ሄደ። አሥር አለቃ አኮረፉ፤ ሙሽራዪቱ ጉደር ወላጆቻቸው ቤት ገቡ፤ ትዳሩ ሊፈርስ ሆነ።

ሽማግሌዎች እዚያው ጉደር በወላጆቻቸው ቤት ተቀመጡ። ሰብሳቢው ኦቦ ጉዴ፣ «ሚስቴ ዕቃ ሰበረችብኝ የሚል ሰምቻለሁ፤ አጠበችብኝ የሚል ግን ዛሬ አየሁ!» ቢሉም አሥር አለቃ ፍንክች አላሉም። በዚህ ጊዜ ሙሽራዪቱ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ «ዝገት ነው የጎደለው? ዝገቱን እኔው አመጣለታለሁ!» አሉ። ሽማግሌዎቹም በዚሁ ፈረዱ።

ብረቱን ከምንጩ በተቀዳ የአምቦ ውሃ እየነከሩ፣ እያወጡ እያሰጡ ጾሙን ሙሉ ሰነበቱበት። ድሮ ጥቁር የነበረው ብረት ለፋሲካ ቀይ ዳማ ሆኖ ወጣ። ኦቦ ጉዴ ወስደው ሲያስረክቧቸው አሥር አለቃ አገላብጠው አዩና «ይሄ እኮ የእኔ አይደለም» አሉ፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። በማግስቱ ሚስታቸውን ሊወስዱ በቅሎ ይዘው ጉደር ደረሱ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ልጆች ወልደው አሳድገዋል፤ ከእጃጂ እህል እያስመጡ በመነገድም ቤታቸውን ደግፈዋል። በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. በተወለዱ በ፴፱ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውንና እኛን ልጆቻቸውን፣ አዱኛን፣ ንዋይንና መንበረን ትተዋል።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ በመጨረሻው ቀን ለብሰውት የነበረውን ነጠላ፣ አሥር አለቃ ማንም እንዳያጥበው ከልክለዋል፤ ሊያጥቡ የወሰዱትን አክስታችንንም ከደጅ መልሰዋቸዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጎን ያስቀምጥልን፤ አባታችንንም ያጽናልን።