ለአባባ ይማም ያልኩት ኢንሻአላህ

ደሴ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017

ምላሴን ምን ነካው? ሥራ የጀመርኩ ቀን ጠበቃዋ ሰዓዳ «ስለ ውጤት ለባለጉዳይ ምንም እንዳትናገሪ፣ እሱ የኔ ሥራ ነው» ብላኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ከኩታበር የመጡት አባባ ይማም ቢሮው ደረጃ ላይ አስቁመውኝ «ልጄ፣ መሬቴን አገኛለሁ?» ሲሉኝ «ኢንሻአላህ» አልኳቸው። ወላሂ፣ ሌላ ምን ይባላል?

ዛሬ ፊታቸው በርቶ መጡ። ወንድማቸው ሽማግሌ ልኮ «መሬቱን እኩል እንካፈል» ቢላቸው እንቢ ብለዋል። «ጠበቆቹ ኢንሻአላህ ብለውኛል አልኳቸው» አሉኝ። ሽማግሌዎቹም ተቀይመው ሄደዋል።

መዝገቡን ያደራጀሁት እኔ ነኝ። ያላቸው አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ እሱም አልመሰክርም ብሏል። ዛሬ ኮምቦልቻ ችሎት የዋለችው ሰዓዳ ነገ ይህንኑ ልትነግራቸውና ከወንድምዎ ይታረቁ ልትላቸው ነበር።

«አባባ፣ እኔ እኮ ዱዓ ነው ያደረግኩልዎት» አልኳቸው።

«እኔም አሚን ብያለሁ» አሉኝ፣ ሳቅ ብለው።

ነገ ለሰዓዳ ከመንገር ሌላ መላ የለኝም። መባረሩን አይደለም የምፈራው። እውነቱን ከሰሙ በኋላ አባባ ይማም ወደኔ ዞረው «ሽማግሌዎቹስ ተመልሰው ይመጣሉ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? አፌ ላይ ያለችው ያችው ቃል ብቻ ናት።