ቀኝ ትከሻዬና የመጀመሪያው ምት

ታኅሣሥ 10፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ዛሬም ከበረቱ ጀርባ ነኝ። የገና ዱላዬን ወደ ኋላ ሳነሣ ትከሻዬ ይቆለፋል። ሳወርደው ዝግ ይላል፤ ጥንጓ፣ የእንጨት ኳሷ፣ እዚያው እግሬ ሥር ትንከባለላለች። በግ እንኳ ዞር ብሎ አያያትም።

ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ዐምና ከበቅሎ ወድቄ የወለቀው ትከሻ ነው። የጤ/ጣቢያው ሐኪም ዳግም ከወለቀ ሽመናውንም እርሳው ብሎኛል። ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሱን፣ የምሠራው በዚሁ ክንድ ነው፤ ሌላ እንጀራ የለኝም። ግን የላይ ሰፈር የመጀመሪያ ምት የአባቴ ነበር፣ አሁን የእኔ ነው። ሽፈራው፣ የቡድናችን አለቃ፣ የገብርኤል ማግስት ሜዳ ላይ አይሃለሁ አለ። ጥንጓን ከሜዳው ረግረግ ማዶ ካላሻገርኩ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ልዳኝ ነው። ሃምሳ ሳይሞላኝ። ደሜ ፈላ።

ታኅሣሥ 14፣ ጠዋት

ረጅም ዱላ ቢሆን ያግዘኛል ብዬ ወይራ ቆረጥኩ። እሳት አሳየሁት፣ ቅቤ ቀባሁት። ባለቤቴ አስካለ አበደችብኝ። በጾም ቅቤ ምን አስነካህ፣ ለበዓሉ ያስቀመጥኩትን፣ እያለች።

ለካ እጀታውንም ቀብቼዋለሁ። ስሰነዝር ዱላው ከእጄ አምልጦ የጎረቤት ድርቆሽ ላይ ተሰካ። አስካለ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ትከሻዬ ጠዘጠዘኝና በግራ እጄ ያዝኩት። እሷም አየችኝና ዱላውን ልታመጣ ተነሣች።

ታኅሣሥ 17

ሽመና ላይ። መወርወሪያውን በድሩ መካከል ስሰድ ድንገት ልብ አልኩ። ክንዴ አይነሣም። ጉልበትም የለበትም። የእጄ አንጓ ናት መጨረሻ ላይ የምትለቀው፤ ግን ከዳር እዳር ይሄዳል። ስንት ዓመት ስሠራው ኖሬ አላየሁትም፤ ደነዝ።

ሥራውን ጥዬ ወጣሁ። የድሮውን አጭሩን ዱላዬን ያዝኩ፣ ጫፉ ከበድ ያለውን። ወደ ኋላ እስከ ወገብ ብቻ። ጥንጓ ቀረብ ብላ፣ ከግራ እግሬ ትይዩ። አልቸኩልም። መጀመሪያ ዳሌዬ ይዞራል፣ ክንዴ ይከተላል፣ አንጓዬ በመጨረሻ። ጧ አለች። አጥሩን አልፋ ሄደች። ፈልጌ ያገኘኋት ገብሱ ማሳ ውስጥ ነው።

ታኅሣሥ 20፣ ከሰዓት

ጥንጓ ተሻገረች። ሽፈራው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ስመለስ ግን ተከትሎኝ መጣ። ተጋጣሚዎቻችን የታች ሰፈሮች እኔን እንዲይዝ ያቆሙት ደረጀን ነው አለኝ።

ደረጀ ልጄን ያጨው ጎረምሳ ነው። ሠርጉ በጥር። ሲመታ አይቼዋለሁ፤ መሬት ያነሣል። በገና ቀን ደግሞ አማት የለ አማች የለ፤ የመታ ይቅርታ አይጠይቅም፣ የተመታም አይቀየምም። ደስ ያለኝ መስዬ ሄድኩ።

ታኅሣሥ 24

ደረጀ መጣ። ተቀመጥ እስክለው ቆሞ ቀረ። ለበዓሉ ደብረ ብርሃን ጉዳይ አለኝ፣ ጨዋታው ላይ አልገኝም አለ። የገና ዕለት ምን ጉዳይ አለ። ያዝኩት። በሩን እያየ፣ «በእርስዎ ላይ ዱላ እንዳላነሣ እማማ አስካለ አስምለውኛል» አለ።

ፊቴ ጋለ። ሊራራልኝ ነው። ገና አማቼ ሳይሆን።

አስካለን ጠየቅኋት። አልካደችም። ዐምና ሸሚዝህን ማን አለበሰህ፣ ማን አጎረሰህ፣ ሌሊት ስታቃስት ማን ነቅቶ አደረ፣ አለችኝ። ተኳርፈን ዋልን።

ታኅሣሥ 28፣ ከቀኑ 9 ሰ.

ጠዋት ደረጀን ሜዳ ወሰድኩት። መሐላው ለነገ ነው፣ ዛሬ ከልብህ ና አልኩት። መጀመሪያ እንደ ሕፃን ነካ አደረገ። ሰደብኩት። ከዚያ መጣ። ሁለቱ ዱላ ጥንጓ ላይ ተጋጨ። ከመዳፌ እስከ አንገቴ ነዘረኝ። ትከሻዬ ቻለ፤ ጥንጓም እኔ በመታሁበት አቅጣጫ አለፈች። ልጁ ሳቀ፣ ከልቡ። እኔም ኮራሁ።

ቤት ገብቼ ሽመናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ክሩን ያዝኩ፤ ጣቶቼ አያውቁትም። ድንዝዝ። አሁንም ስጽፍልህ እርሳሱን በግራ እጄ ደግፌ ነው። ፈራሁ ደብተሬ። እውነት ፈራሁ።

ከቀኑ 11 ሰ.

ጣቶቼ ተመለሱ፣ ከትንሿ በቀር። ለአስካለ ሁሉንም ነገርኳት፣ የጣቴንም። የወሰንኩትንም ነገርኳት፦ የመጀመሪያው ምት ሲመታ ሁሉም ራቅ ብሎ ነው የሚቆም። እሱን በአጭሩ ዱላ፣ በዝግታዬ እመታለሁ። ከዚያ ወጥቼ ከሽማግሌዎቹ ጎን እቀመጣለሁ። ማንም ሳያስወጣኝ። ደረጀም ከመሐላው ይፈታ፣ እንደ ልቡ ይጫወት።

አጭሩን ዱላ አነሣች። በመቀነቷ ጫፍ ከእጀታው ላይ የእጄን ወዝ ጠረገች። ከዚያ ለባናው የፈተለችውን የበግ ጠጉር ክር አመጣችና እጀታውን ትጠመጥም ጀመር፣ አጥብቃ፣ እንዳያመልጠኝ። እጅህን አምጣ፣ ልለካው ነው እያለችኝ ነው።