ጡጦውን ማን ጨረሰው?

ሰኞ፣ ኅዳር 3

አልጠባችም። እናቷ ከወጣችበት እስክትመለስ አንዲት ጠብታ አልዋጠችም።

ልጄ ማህሌት የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ዛሬ ሥራ ገባች። ቂሊንጦ፣ መድኃኒት ፋብሪካ፣ ጥራት ክፍል። ሰርቪሱ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የሚያልፈው። ከጡቷ ያለበችውን ወተት በሁለት ጡጦ አድርጋ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችልኝና በሩን ይዛ ቆመች። "እማዬ፣ አልጠባም ካለች ንገሪኝ። ሥራውን ትቼው ቁጭ እላለሁ።" አውቃታለሁ፤ ያለችውን ታደርጋለች። ያን ሁሉ ዓመት የተማረችውን፣ ስንት ፈተና አልፋ የገባችበትን ሥራ ትተዋለች።

የልጅ ልጄ ቃልኪዳን፣ ቃል የምንላት፣ የአራት ወር ልጅ ናት። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እናቱ ስትሄድ የሚያለቅስ ልጅ አያስደነግጠኝም። በርጋታ ይያዛል፣ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ይለምዳል። በርጋታ ያዝኳት።

የሞከርኩት፦
ወተቱን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ ሙቀቱን በእጄ ጀርባ ለክቼ። ተፋችው።
የጡጦውን ጫፍ ቀይሬ። ተፋችው።
በእናቷ ሹራብ ጠቅልዬ። ሹራቡን ጨብጣ አለቀሰች።
ግቢውን እየዞርኩ፣ እያንጎራጎርኩ። ባሰባት።
በማንኪያ። ነጠላዬ ጠጣው።

ፋብሪካው ስልካቸውን በር ላይ ስለሚቀበላቸው ማህሌት የምትደውለው በምሳ ሰዓት ብቻ ነው። "ጠባች?" "ትንሽ ትንሽ።" ይህን ስል ልጅቷን ሩቅ ክፍል አስተኝቼ፣ በሩን ዘግቼ ነው።

ማህሌት ስትገባ ሸሚዟ በወተት ርሶ ነበር። ቃል ልትውጣት ደረሰች። ነገ ይሻላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጫልቱ ሳታንኳኳ ገባች።

ጫልቱ የጓሮውን ክፍል የተከራየችን ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ እዚሁ ገላን በኩል ያርሱ ነበር፤ እርሻቸው ላይ አሁን ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ባሏ ግንባታ ላይ ይውላል። ልጇ ናኦል ዘጠኝ ወሩ ነው። ይድሃል፤ ያገኘውን ሁሉ ይቀምሳል።

ቃል ከጠዋት ጀምራ ስትጮህ ድምጿ ሰልሎ ነበር። ጫልቱ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ መጥታ "ቲቸር፣ ኧረ በማርያም! ይቺን ልጅ ይስጡኝ" አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ነው የሚለኝ። መልሴን አልጠበቀችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወሰደቻት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ቁልፏን ፈታች።

ቤቱ ጸጥ አለ። የቃል ጉሮሮ ሲውጥ ብቻ ይሰማል።

ማመስገን ነበረብኝ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ግን "ተመርምረሻል?" የሚል ነው።

"ቲቸር ደግሞ! በእርግዝናዬ ጊዜ ጤና ጣቢያው ደሜን ሲቀዳ አይደል እንዴ የከረመው?" ብላ ሳቀች። ምንም አልተቀየመችም። ብትቀየም ይሻለኝ ነበር።

ይህን ስናወራ ናኦል ድሆ ገብቶ ጡጦውን ከበርጩማው ላይ አውርዶታል። በሁለት እጁ ይዞ፣ አንጋጦ፣ ጭልጥ አደረገው። የማህሌትን ወተት! ጫልቱ ቃልን እንደያዘች በሳቅ ተንፈቀፈቀች። "በቃ ቲቸር፣ ጋብቻቸው ቀረ። የጡት እህትና ወንድም ሆኑ!" ሁለተኛውንም ጡጦ ከሰዓት እሱው ጠጣው። ሊደፋ ነው እንዴ?

ማታ ማህሌት ባዶዎቹን ጡጦዎች አየች። "ጨረሰችው?"

"አልቋል" አልኳት። እውነትም አልቋል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ቃል የጫልቱን ኮቴ ለይታለች። ጓሮ በኩል በር ሲንኳኳ አንገቷን ታዞራለች። አራት ወር ሙሉ ገላዋን ያጠብኳት፣ ሆዷን ሲነፋት በትከሻዬ ይዤ ያንጎራደድኳት እኔ ነኝ። ለኔ አንገቷን አዙራ አታውቅም።

ጫልቱ "ኢንታላ ኮ" ትላታለች። በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ሴት ሁሉ ለሰው ልጅ ልጄ ይላል፤ እኔስ ለስንቱ ብያለሁ? ግን ጆሮዬ ላይ ተጣብቆ ዋለ። የማን ልጅ?

እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም፦ ከሰዓት ጫልቱ ልብስ ስታሰጣ በሬን ቆለፍኩና የራሴን ጡት ሰጠኋት። በዚህ ዕድሜዬ። ቃል ጎረሰችው። አንድ ጊዜ ሳበች። ከዚያ ለቀቀችውና፣ ሳያጠና ሰሌዳ የወጣ ተማሪን እኔ በማይበት ዓይን አየችኝ። ቁልፌን በፍጥነት ቆለፍኩ። በመስኮት በኩል የጫልቱ ድምፅ "ቲቸር፣ አሁን ይርባታል፣ ልምጣ?" አለ። ሰዓት እንኳ የላትም።

መጣች። ናኦል አስነጠሰ። ቃል በጫልቱ ጭን ላይ ሆና ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ከተወለደች የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ የሰማሁት በግድግዳ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

የጫልቱ ጉድለቶች፦
ሳታንኳኳ ትገባለች።
እያጠባች ስልክ ታወራለች።
ልጇ ከመሬት አንስቶ ሲጎርስ እያየች "ሆዱ ይጠንክር" ትላለች።
ሳቋ መንገድ ድረስ ይሰማል።
ሰዓት አትመለከትም፤ ሰዓቱን ስታም አታውቅም።

የመጨረሻው ጉድለት አይደለም። ልሰርዘው ነበር፤ ይቆይ።

ጠዋት በር ላይ ጠብቄ "ዛሬ አያስፈልግም፣ እኔው አለምዳታለሁ" አልኳት። "እሺ ቲቸር" ብላ ወደ ልብስ አጠባዋ ተመለሰች። ያን ጊዜ ነው ትምህርቱ የጀመረው። በጡጦ፣ በማንኪያ፣ በሲኒ። ቃል ወደ ኋላ እየተለጠጠች ጮኸች። ጫልቱ ጀርባዋን ሰጥታኝ ታጥባለች፤ ቀና አላለችም። ናኦል ደግሞ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ጡጦዬን እያየ ያለቅሳል።

በመጨረሻ ጫልቱ ልብስ ልታሰጣ ዞር ስትል ቀሚሷ ከደረቷ በታች ርሷል። የሳፋው ውኃ መሰለኝ። አየችኝና በእጇ ሸፈነችው። "ጆሮዬን ብይዘው ጡቴ ይሰማል፣ ቲቸር። ምን ላድርገው?"

ቃልን ይዤላት ሄድኩ። በእግሬ ሄጄ ሰጠኋት።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ማህሌት እየዘለለች ገባች። አለቃዋ ሰው ፊት አመስግኗታል። "ከወሊድ የተመለሱት ሁሉ ሐሳባቸው ቤት ነው፤ ያንቺ ግን እዚህ ነው" አላት። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። "ባንቺ ነው እማዬ! ጡጦው ባዶ ሆኖ ሳየው ልቤ ያርፋል።"

ከዚያ ቃልን ልታጠባት ተቀመጠች። ቃል ትንሽ ሳበችና ተወችው። ማህሌት ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። "ጠግባ ነው የምትጠብቀኝ። እንደ ድሮ አትጓጓልኝም። አንቺን ለምዳ እኔን ልትረሳኝ ነው?"

ልጄ ቀናችብኝ።

ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ደስ አለኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ውስጤን ሲበላኝ የከረመውን ነገር በሷ ፊት ላይ አየሁትና፣ አንድ ሰው እኔ ላይ መቅናቱ እንደ ሽልማት ጣመኝ። የሰው ሽልማት! ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። "ትለምዳለች፣ ልጅ ናት" ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ፋብሪካው መብራት ጠፍቶበት ሰርቪሱ ቀድሞ መለሳቸው። ማህሌት በጓሮ በር ገባች።

ያየችው ይኼን ነው፦ ጫልቱ አልጋዬ ላይ ሆና ቃልን ታጠባለች። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ናኦልን ታቅፌ ጡጦውን ይዤለታለሁ።

ቦርሳዋን አላስቀመጠችም። "የኔ ወተት ነው እሱ?" አለች። ናኦል መጥባቱን ቀጠለ። ጫልቱ ቃልን አቀበለቻት፤ ልጇንም ከጭኔ አንስታ "ደህና ገባሽ ማሂ" ብላ ወጣች። ቃል ከንፈሯ ላይ ወተት እንዳለ ለእናቷ ፈገግ አለች። ያ ነው የባሰው።

"ልብስ መቀየሪያው ክፍል ጥግ ቆሜ፣ ጓደኛዬ በሩን ይዛልኝ ነው የማልበው" አለች ማህሌት። "ዓይኔን ጨፍኜ፣ ቃል እየጠባች ነው ብዬ ካላሰብኩ አይወርድልኝም። አንቺ ለሰው ልጅ ታጠጪዋለሽ።"

"ሥራሽን እንዳትተዪ ብዬ ነው።"

"ለኔ ሥራ ነው ወይስ ቲቸር አቃታት እንዳይባል?"

ተማሪ ቢጠይቀኝ ጥሩ ጥያቄ ነው እለው ነበር። የልጄ ሲሆን ጊዜ ጡጦውን ላጥብ ተነሳሁ።

ሰኞ ሥራ አልሄድም ብላለች። ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ማህሌት ቃልን አዝላ ሳሪስ አቦ አስቀድሳ መጣች። ለኔ እግዜር ይስጥልኝና እሺ ብቻ ነው የምትለኝ። የጫልቱ በር ከትናንት ወዲህ አልተከፈተም፤ ሳቅ የለም። ጉድለቶቿን ስጽፍ ያ ሳቅ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም።

የማህሌት ባል ዮናስ ከድሬዳዋ ደወለ። ባቡሩ ላይ ስለሚሠራ ቤት የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ማህሌት ሁሉንም ነገረችው። እኔ ሳህን እያጠብኩ ድምፁን ሰማሁ። "ሦስት ሴቶች ልጄን በተራ አቅፋችሁ ትጣላላችሁ፤ እኔ በስልክ መስታወት ነው የማያት" አለ።

ከሰዓት ማህሌት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሳለ የጫልቱ በር ገርበብ አለና ናኦል አመለጠ። ግቢውን አቋርጦ፣ ጉልበቱን አቧራ አድርጎ፣ በቀጥታ ወደ ማህሌት። ቀሚሷን ይዞ ቆመ። ፊቱን ደረቷ ውስጥ ቀበረ።

"ምን ፈልጎ ነው?" አለችኝ። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነው።

"ሽታሽን ለይቶ ነዋ። ሳምንቱን ያንቺን ነው የጠጣው።"

"ይጨርሰዋል?"

"ጠብታ አያስተርፍም።"

ጉንጩን በሁለት ጣት ያዘች። ላለመሳቅ ታገለች። "ታዲያ ይኼ ጉንጭ የኔ ነዋ!"

ጫልቱ ልጇን ልትወስድ ሮጣ መጣች። "ተዪው" አለቻት ማህሌት፤ ከዚያ ፊቷን አጠቆረች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"እኔ?" አለች ጫልቱ። "ቲቸር የነገሩሽ ነው የመሰለኝ። በየማታው አመሰግናለሁ ትለኛለች ብዬ በር በሩን ሳይ፣ አንቺ ዝም። እኔ ደግሞ ምን ያኮራታል ብዬ ተቀይሜሻለሁ።"

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "ለሁለታችሁም መናገር ነበረብኝ።"

ማህሌት ነገሩን እንደ እናቷ በመልክ በመልኩ አስቀመጠችው። ሁለቱ አብረው ጤና ጣቢያ ሄደው ይመረመራሉ፤ የጫልቱ ምርመራ ዓመት አልፎታል፣ ናኦልም የማህሌትን ጠጥቷል። ውጤቱ ካላማረ ሥራው ይቀራል። ካማረ እንደነበረው ይቀጥላል፣ ግን ሳይደበቅ።

አሁን ሁለቱ ጫልቱ ክፍል ናቸው። ሳቁ ተመልሷል፤ የማህሌትም አለበት። ምን እንደሚያስቃቸው አልሰማም። ሻይ አፍልቼ ብወስድላቸው ያስገቡኛል? ሁለት ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ማህሌት እስከ ምሳ ፈቃድ ጠየቀች። ጤና ጣቢያው ወረፋ ነበረው። ወንበሩ ላይ ቃልን ጫልቱ፣ ናኦልን ማህሌት ይዘው ነበር፤ ማን እንደቀያየራቸው አላየሁም። ነርሷ ናኦልን አይታ ማህሌትን "እናቱን ቁርጥ!" አለቻት። ጫልቱ ልትፈርስ ደረሰች በሳቅ።

ውጤቱ ወጣ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ማህሌት ከዚያው ታክሲ ይዛ ሥራዋ ሄደች። በሩ ላይ ዞር ብላ "እማዬ፣ ካልጨረሰው ንገሪኝ" አለች። ስለ ናኦል ነው።

ከሰዓት እንደ ወትሮው ሆንን። ጫልቱ አልጋው ላይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ። ናኦል ጡጦውን ጨርሶ የመነጽሬን ገመድ እንደጨበጠ ጭኔ ላይ ተኛ። ከባድ ነው። ትንፋሹ አንገቴ ስር ይሞቃል። ጫልቱ ልትወስደው እጇን ስትዘረጋ ነቃ፣ አያት፣ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ትከሻዬ ላይ ተለጠፈ። ስትስበው አለቀሰ።

"እሺ ቲቸር፣ ልጄንም ወሰዱብኝ?" አለች። ሳቀች። ሳቋ ግን መንገድ ድረስ የሚሰማው አልነበረም።

ፈጥኜ መስጠት ነበረብኝ። ቀስ ብዬ ነው የሰጠኋት።

ጫልቱ ከሄደች በኋላ ጡጦው ስር የቀረችውን ጠብታ በጣቴ አንስቼ ለቃል ከንፈሯ ላይ አደረግኩላት። ፊቷን አኮማተረች። ከዚያ ላሰችው። የሚቀጥለውን ጠብቃ አፏን ከፈተች፣ ወይም አዛጋች፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ነገ ጡጦውን ደግሜ እሞክራለሁ። ናኦል እንዳያይ ብቻ።