ዳቦ ምድጃ ላይ የከረመ ቃጫ

መስከረም 18
ባጃጅ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ "ጀርባዬን ምን እያቃጠለኝ ነው?" ያላለ ሰው አለ? ሞተሩ ነው። ክዳኑ ብረት ከሆነ ይግላል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይጣመማል። የእኔ ክዳን ግን የእንሰት ቃጫ ነው፤ ሬዚን በሚባል ፈሳሽ ሙጫ ተነክሮ የደረቀ። ቀላል፣ ጠንካራ... ሙቀቱን ለወራት ይችላል ወይ? ጥያቄው እሱ ነው።

የባጃጅ ማኅበሩ ሰብሳቢ ሚኪያስ ሀዋሳ መናኸሪያ ጋ አስቆመኝ። "ኢንጂነር! ክዳንሽ ከተረፈ የማኅበራችን ባጃጆች በሙሉ ያንቺን ይገጥማሉ። ካልተረፈ በነፃ ታጥቢያቸዋለሽ!"

እማዬ ደግሞ፣ "እስከ ሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ እስከ ጫምባላላ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ አጎትሽ አዲስ አበባ ያገኘልሽ የባንክ ሥራ ትገቢያለሽ።" እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

መስከረም 21
የዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ማሞቂያ መብራት በጠፋ ቁጥር ይበርዳል። ምኑን ሊፈትን? እዚሁ ሰፈራችን አዲስ ከተማ ያለው የእትዬ የሺ ዳቦ ቤት ግን በእንጨት ነው የሚጋግረው። ምድጃው በርዶ አያውቅም። ለሙከራ የሠራኋቸውን የቃጫ ቁርጥራጮች አናቱ ላይ ደረደርኩ፣ ከነቴርሞሜትሬ።

"ልጄ፣ ይሄ ይበላል?"
"አይበላም እትዬ።"
"ታዲያ ዳቦ ቤት ምን ይሠራል?"

ግን አንሺ አላሉኝም።

ጥቅምት 10
ጠነከረ! ያስተማሩኝ መምህር በቀለ ቁራጩን መስበሪያው ማሽን ውስጥ አስገቡት። ምድጃ ካላየው ይልቅ የከረመው በለጠ። ጮህኩ።

ሳቁብኝ። "ሬዚኑ ገና ጥሬ ነበር። ሙቀት መጀመሪያ ያበስላል ሩሀማ፤ ማሳረሩ በኋላ ነው። እንዳትደንሺ።"

ደነስኩ።

ኅዳር 30
ተሰበረ። ጠቁሯል... እንደ ብስኩት ቀጭ አለ። ሌላው ቁራጭም። ሌላውም። ሚኪያስ አጠገቤ ነበር።
"ባልዲ ላምጣልሽ?"
ሳቅ አልመጣልኝም። እስከ ታቦር ተራራ በእግሬ ሄድኩ። ባንክ ቤት ምን እየለበስኩ ልገባ ነው?

ታኅሣሥ 2
ለእማዬ አልነገርኳትም።

ታኅሣሥ 5
የቀሩትን ላነሳ ሄድኩ። እትዬ የሺ፣ "ዛሬስ ተጋገረልሽ?" አንዷን ይዤ በንዴት ላጥፋት... ታጠፈች። ቢጫ ሆናለች እንጂ አልተሰበረችም! እኩል ነው የከረሙት። ለምን እሷ ብቻ?

ሌሎቹን ከትልቅ ሰሌዳ በመጋዝ ነው የቆረጥኳቸው። የቃጫው ጫፍ ጠርዙ ላይ ራቁቱን ቀርቷል። እሷን ግን የተረፈኝን ቃጫና ሬዚን በቆርቆሮ ክዳን ውስጥ አፍስሼ ነው የሠራኋት። ዙሪያዋ ድፍን ነው። የተሰበሩትን መልሼ አየሁ፤ ጥቁረቱ ከተቆረጠው ጠርዝ ጀምሮ ቃጫውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ገብቷል። አየር! በጠርዙ አየር ገብቶ፣ ከሙቀቱ ጋር ሆኖ ሬዚኑን በላው።

እማዬ ቆጮ ጉድጓድ ስታስገባ ቅጠሉን ለምንድነው የምትደራርበው? አየር እንዳይገባ አይደል? ስንቴ አብሬያት ደራርቤያለሁ... ሰሌዳ ስሠራ ግን መጋዝ!

"ተጋገረ እትዬ!" ብዬ ተጠመጠምኩባቸው። ዱቄት በዱቄት ሆንኩ።

ታኅሣሥ 9
መምህር በቀለ፣ "አንድ ቁራጭ ምስክር አይሆንም። ድገሚው።" ልክ ናቸው። አዲሶቹን ሁሉ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፈሰስኩ፣ ጠርዛቸው ድፍን። መጋዙን ለጎረቤት ሰጠሁ። አንድ ሙሉ ክዳን ደግሞ ሚኪያስ ባጃጅ ላይ ገጠምኩ። "ከቀለጠ ከነሳሙናው ነው የምጠብቅሽ" አለኝ።

የካቲት 14
ሙቀቱ ሀዋሳን ሊያቀልጣት ነው። ሁሉም ያማርራል። እኔ ደስ ብሎኛል... እስቲ ይጨምር!

መጋቢት 10
ሁሉም ታጠፉ። አንድም አልተሰበረም! ከአዲስ ትንሽ ደክመዋል፤ ግን አንድም! መምህር በቀለ መነጽራቸውን አወለቁ። "አሁን ደንሺ።"

መጋቢት 17
የጫምባላላ ገበያ። እማዬን በሚኪያስ ባጃጅ አመጣኋት። ምንም ሳልነግራት ከኋላ ደገፍ አለች። ስትወርድ ክዳኑን ዳሰሰችው።
"ይሄ የእኛ ቃጫ ነው?"
"የእኛ ነው።"
"ለብ እንኳ አላለም እኮ!"

ሚኪያስ፣ "እማማ፣ ማጠብ አመለጣት! ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ለሁላችን ትሠራለች።" እማዬ ክዳኑን ደግማ ዳሰሰችው። ከዚያ፣ "ለአጎትሽ እኔ እደውላለሁ" አለችኝ።

ለክፍል ጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ የጻፍኩት፦ "አይዴ ጫምባላላ፣ እንኳን አደረሳችሁ! ሲቪ ማስገባት የሰለቻችሁ... ሀዋሳ ሥራ አለ። ቃጫ አለ፣ ምድጃውም አልበረደም። መጋዝ ብቻ እንዳታመጡ። ማን ይመጣል? መልሱልኝ።"